አሜሪካዊው መንገደኛ በኤውሮፓ አደባባይ

ባሕር ተሻግሮ ወደ ሌላ ሰው አገር የሚሄድ መንገደኛ በሻንጣው ልብሱን፣ በኪሱም ገንዘቡንና የይለፍ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። ከነዚህ ሌላ ግን ሳይጭነው የሚከተለው፣ የጉምሩክ ሹም ቢፈትሸው የማያገኘው አንድ ጓዝ አለው፤ እርሱም የመንግሥቱ ስም ነው። መንግሥቱ በዚያ ወራት የተመሰገነ እንደ ሆነ መንገደኛው ሳይደክም ይከበራል፤ የተነቀፈ እንደ ሆነ ደግሞ ባልሠራው ሥራ ይጠየቃል። ይህ በሕዝብ ሁሉ ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ወደ ኤውሮፓ በሚሄዱት በአሜሪካውያን ላይ ስለ ሆነ፣ የዚህ ገጽ አንባብያን ዛሬ ከኛ ጋር በፓሪስና በሎንዶን፣ በኤዲንበርግም መንገድ ጥቂት እንዲመላለሱ እንጋብዛቸዋለን። ዓመቱንና ወሩን የምንጽፈው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በፓሪስ ከተማ ታላቁ የኦፔራ ቲያትር ቤት የቆመበት አደባባይ አለ። ሰፋፊ ጎዳናዎች ከርሱ ይወጣሉ፤ በማዕዘኑም ካፌ ደ ላ ፔ የሚባለው ስመ ጥር ቡና ቤት ይገኛል። ወደ ጎን በሚያልፈው በስክሪብ መንገድ ላይ ደግሞ አሜሪካውያን ደብዳቤያቸውን የሚቀበሉበትና ገንዘባቸውን የሚመነዝሩበት የአሜሪካን ኤክስፕሬስ ቢሮ ነበረ። ታላቁ ጦርነት በ1918 ዓመት ካለቀ በኋላ ይህ ሰፈር በበጋ ወራት እንግሊዝኛ የሚነገርበት አገር እስኪመስል ድረስ በአሜሪካውያን ይመላ ነበር። ጣራ የሌላቸው ትልልቅ ኦቶሞቢሎች መንገደኞችን ጭነው ከተማውን ያዞሩ ነበር፤ መሪውም ከፊት ቆሞ ይህ እንዲህ ነው፣ ያ እንዲያ ነው እያለ በታላቅ ድምፅ ያስረዳቸው ነበር። አሽከሩ፣ ነጂው፣ ሽቶ ሻጩ፣ ሁሉም ከነርሱ ይጠቀም ስለ ነበረ ሰላምታውም ፈገግታውም የበዛ ነበር።

በ1926 ዓመት በጋ ግን ፈገግታው ጠፋ። ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድሞ የፍራንክን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከጦርነቱ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር የሚመነዘረው በ5 ፍራንክ ከጥቂት ሳንቲም ነበረ። በ1926 ዓመት በጁላይ ወር ፍራንኩ ወድቆ ወድቆ አንዱ ዶላር 49 ፍራንክ ያህል ደረሰ። እንግዲህ አንባቢ ራሱ ያስላው፤ ከኦሃዮ 100 ዶላር ይዞ የመጣ አንድ መምህር በፊት 518 ፍራንክ ይቀበል የነበረው አሁን ወደ 4,900 ፍራንክ ይቀበላል። በአገሩ መካከለኛ ኑሮ የሚኖረው ሰው በፓሪስ እንደ መኰንን ሆኖ ይቀመጣል፤ ሚስቱም በአገሯ በመስኮት ብቻ ታየው የነበረውን ልብስ ሁለትና ሦስት አድርጋ ትገዛለች። የፓሪሱ ጡረተኛ ግን ዕድሜውን ሁሉ ቆጥቦ ያስቀመጠው ገንዘብ በእጁ ላይ እንደ በረዶ ሲቀልጥ ያያል። ወደ ሥጋ ቤት ገብቶ የዛሬው ዋጋ ከትናንቱ መብለጡን ሲሰማ፣ በአጠገቡ የቆመው እንግዳ ደግሞ የነገሩ ሁሉ ርካሽነት ገርሞት ሲስቅ ይሰማል። በፍራንክ ኖት ሲጋራ የለኮሱ፣ ኖቱንም በሻንጣቸው ላይ የለጠፉ አሜሪካውያን አሉ ተብሎ በብዙ ተወራ። እንዲህ ያለውን ብልግና የሚያደርጉ ጥቂቶች ናቸው፤ የተቸገረ ሰው ግን የአንዱን ጥጋብ ለሺህ ሰው ያካፍለዋል።

በዚህም ላይ የዕዳ ነገር ተጨመረ። ፈረንሳይ በጦርነቱ ጊዜ ከአሜሪካ መንግሥት ብዙ ገንዘብ ተበድራ ነበር። በ1926 ዓመት አፕሪል 29 ቀን የፈረንሳይ አምባሳደር ሙሴ ቤራንዤና የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር ሚስተር ሜለን ዕዳው በ62 ዓመት ተከፍሎ እንዲያልቅ በዋሽንግቶን ውል ተፈራረሙ። በወረቀት ሲታይ ውሉ ርኅራኄ ያለው ይመስላል፤ ጊዜው ረጅም ነውና። ፈረንሳዊው ግን በሌላ ሒሳብ ቆጠረው። ከ1,300,000 የሚበልጡ ወታደሮች ሞተውበታል፤ ጦርነቱም የሆነው በእርሻውና በመንደሩ ላይ ነው። እኛ በደም ከፍለን ሳለ በወርቅ ደግሞ ክፈሉ እንባላለን፤ ይኸውም እስከ ልጅ ልጆቻችን ድረስ ነው ብሎ አዘነ። ለእውነት እንናገር ከተባለ የአሜሪካው ገበሬም መልስ ነበረው፤ መንግሥቱ ለኤውሮፓ ያበደረውን ገንዘብ ያገኘው ከርሱና ከመሰሎቹ በብድር ሰብስቦ ነውና። ሁለቱም ባለጉዳዮች እውነት ይዘው ሲቆሙ ፍርድ እንዴት እንደሚከብድ በችሎት የዋለ ሰው ያውቀዋል።

ጁላይ 11 ቀን በጦርነቱ የቆሰሉና አካላቸው የጎደለ ብዙ ሺህ ወታደሮች በፓሪስ ሰልፍ አደረጉ። ዐይናቸው የጠፋው እየተመሩ፣ እግራቸው የተቈረጠው በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፉ ከፊት ሄዱ። የሄዱትም ወደ ኢየና አደባባይ ነው። በዚያ ጆርጅ ዋሽንግቶን በፈረስ ተቀምጦ ሰይፉን ወደ ሰማይ አንሥቶ የሚታይበት ሐውልት አለ፤ የአሜሪካ ሴቶች ገንዘብ አዋጥተው ያሠሩትና በ1900 ዓመት ለፈረንሳይ የሰጡት ነው። ሰልፈኞቹ ልመናቸውን ለአሜሪካ ሕዝብ ለማሰማት በሐውልቱ ሥር አበባ አኖሩ፤ ሰልፉም የዝምታ ሰልፍ ነበረ። ከመንግሥቱ ይልቅ ለሕዝቡ መናገር መረጡ፤ የሕዝቡም እንደራሴ አድርገው ያገኙት የነሐሱን ሰው ነው።

ሁሉ ግን እንደነዚህ ወታደሮች ትዕግሥት አልነበረውም። በዚያው ወር በኦፔራና በታላላቆቹ ጎዳናዎች ሕዝብ ተሰብስቦ አሜሪካውያንን የጫኑትን ኦቶሞቢሎች በጩኸትና በፉጨት ከበበ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሴቶችና ሽማግሌዎች ነበሩ። የዕዳውን ውል ያልጻፉ፣ የፍራንክንም መውደቅ ያላመጡ ሰዎች፣ በከፈሉት ገንዘብ ቤተ ክርስቲያንና ሐውልት ለማየት ተቀምጠው ሳለ፣ የዋሽንግቶን የገንዘብ ሚኒስቴር በነርሱ አካል ተሰደበ። በኦገስት ወር ደግሞ የ84 ዓመቱ ሽማግሌ ሙሴ ክሌማንሶ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለሚስተር ኩሊጅ ፈረንሳይ የምትሸጥ ዕቃ አይደለችም የሚል ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ይህ ሰው በወጣትነቱ በአሜሪካ የኖረ፣ አሜሪካዊትም ሴት ያገባ ስለ ነበረ ነገሩ ከጠላት እንደ መጣ ተደርጎ ሊታለፍ አልተቻለም።

ጁላይ 23 ቀን ሙሴ ፕዋንካሬ የመንግሥቱን ሥራ ተረክቦ ነበርና ፍራንኩ ቀስ በቀስ ተነሣ፤ በዓመቱ መጨረሻ አንዱ ዶላር 25 ፍራንክ ያህል ሆነ። ፉጨቱም ከምንዛሬው ጋር አብሮ ወረደ። የፈረንሳይ ምክር ቤት ውሉን ያጸደቀው በ1929 ዓመት ነው፤ በ1932 ዓመት በዲሴምበር ወር ደግሞ ክፍያው ተቋረጠ። 62 ዓመት የተባለው 7 ዓመት እንኳ አልሞላም።

በሚከተለው ዓመት፣ በ1927፣ ፓሪስ ፊቷን በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ለወጠች። ሜይ 21 ቀን ሌሊት ቻርልስ ሊንድበርግ የተባለው የ25 ዓመት አሜሪካዊ ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ብቻውን በአይሮፕላን ውቅያኖሱን ተሻግሮ በቡርዤ ሜዳ አረፈ። ከሁለት ሳምንት አስቀድሞ ኑንዠሴርና ኮሊ የተባሉ ሁለት ጀግኖች ፈረንሳውያን በዚያው መንገድ በተቃራኒው ሲሄዱ ጠፍተው ቀርተው ነበር፤ ስለዚህም የፈረንሳይ ሕዝብ ኀዘን ላይ ሳለ አንድ አሜሪካዊ ቢመጣ ይቀየማል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። መቶ ሺህ የሚያህል ሕዝብ ወታደሩንና አጥሩን ጥሶ ወደ ሜዳው ገባ፤ ወጣቱንም ከአይሮፕላኑ አንሥቶ መሬት ሳያስረግጥ በትከሻው ተሸከመው። ሊንድበርግም ከሁሉ አስቀድሞ ለሟቹ ለኑንዠሴር እናት ሐዘኑን ለመግለጽ ሄደ፤ ይህንንም የፓሪስ ሴቶች አልረሱለትም።

ሦስት ወር እንዳለፈ፣ ኦገስት 23 ቀን በማሳቹሴትስ አገር ሳኮና ቫንዜቲ የተባሉ ሁለት ኢጣሊያውያን ስደተኞች በሞት ተቀጡ። አንዱ የጫማ ሠራተኛ፣ ሌላው ዓሣ ሻጭ ሲሆኑ፣ በ1920 ዓመት ሁለት ሰው ገድለው ገንዘብ ዘርፈዋል ተብለው በሚከተለው ዓመት ተፈረደባቸው፤ እስከ ሞቱበት ቀን ድረስም አልገደልንም አሉ። በኤውሮፓ ብዙ ሰው የተፈረደባቸው በሥራቸው ሳይሆን በፖለቲካ አሳባቸውና በስደተኛነታቸው ነው ብሎ አመነ። ይህ ወሬ በተሰማ ጊዜ በፓሪስና በጄኔቭ ታላቅ ሁከት ሆነ፤ በጄኔቭ የአሜሪካ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችና የአሜሪካ ፊልም የሚያሳዩ ሲኒማ ቤቶች ተደበደቡ። በፓሪስም ሜይ 21 ቀን ሊንድበርግን በትከሻው የተሸከመ እጅ በኦገስት ወር የቡና ቤት መስተዋት ሰብሮ ሊሆን ይችላል። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ የማሳቹሴትስ ገዥ ሚስተር ዱካኪስ ለነዚህ ሰዎች የተደረገው የፍርድ አካሄድ ትክክል እንዳልነበረ በአዋጅ አስታወቀ። የፍርድ መዝገብ በሚጻፍበት ክፍል ውስጥ የተሠራ ጉድለት ውቅያኖስ ተሻግሮ በምንም ያልነበረበትን መንገደኛ ሊያስደነግጥ እንደሚችል እኛ የችሎት ጸሐፊዎች ብናስበው መልካም ነው።

በሴፕቴምበር 19 ቀን ደግሞ በጦርነቱ የተዋጉ 20,000 ያህል አሜሪካውያን ወታደሮች፣ ወደ ፈረንሳይ የመጡበትን 10ኛ ዓመት ለማክበር በሻንዜሊዜ ጎዳና ተሰለፉ። ብጥብጥ ይሆናል ተብሎ ብዙ ፖሊስ ተዘጋጅቶ ነበር። ሕዝቡ ግን እጁን እያጨበጨበ አሳለፋቸው።

አሜሪካዊው መንገደኛ ስለ አገሩ ሥራ በኤውሮፓ መጠየቅ የጀመረው ግን ከዚህ አስቀድሞ ነው። በ1845 ዓመት በኦገስት ወር ከቦስቶን ወደ ሊቨርፑል በሄደችው ካምብርያ በምትባል መርከብ ላይ ፍሬድሪክ ዳግላስ የተባለ ጥቁር ሰው ተሳፍሮ ነበር። ይህ ሰው በሜሪላንድ ባሪያ ሆኖ የተወለደ፣ በ1838 ዓመት ያመለጠ፣ ታሪኩንም በመጽሐፍ ያሳተመ ነው፤ በመጽሐፉም የጌታውን ስም ስለ ገለጠ ተይዞ እንዳይመለስ ፈርቶ ነበር የሚሸሸው። የመርከቡ ሰዎች በአንደኛ ማዕርግ ክፍል እንዳይቀመጥ ከለከሉት። ካፒቴኑ ግን ስለ ባርነት ንግግር እንዲያደርግ በጋበዘው ጊዜ ባሪያ አሳዳሪ የሆኑ ተሳፋሪዎች ወደ ባሕር እንጥለዋለን ብለው ተነሡ፤ ካፒቴኑም በእግር ብረት አስራችኋለሁ ባላቸው ጊዜ ጸጥ አሉ። እነዚህ ባለ ባሪያዎች ሊቨርፑል ደርሰው ይህ ሰው እንዴት እንደ ሰደባቸው በጋዜጣ ቢያወሩ፣ የእንግሊዝ ሕዝብ ዳግላስን ለማየት ይበልጥ ጓጓ።

ዳግላስ በአየርላንድ፣ በስኮትላንድና በእንግሊዝ 19 ወር ያህል ተዘዋወረ። በኤዲንበርግ ነጻ ቤተ ክርስቲያን የምትባለው ማኅበር በ1843 ዓመት ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ተለይታ ስትቋቋም ከአሜሪካ ምእመናን 3,000 ፓውንድ ያህል ተቀብላ ነበር፤ ከሰጪዎቹም መካከል ባሪያ የሚያሳድሩ ነበሩበት። ዳግላስና ጓደኞቹ ገንዘቡን መልሱ እያሉ ሰበኩ፤ ይህም ቃል በከተማው ግድግዳ ላይ ተጻፈ፤ ልጆችም በመንገድ ይጮኹት ጀመር። ገንዘቡ አልተመለሰም። ነገር ግን የኤዲንበርግ ሰው ባሕር ማዶ ያለውን ኀጢአት ሲኰንን ሳለ የርሱም ሣጥን ውስጥ ከዚያ የመጣ ወርቅ እንዳለ ከአሜሪካዊ እንግዳ ተማረ። ይህ መንገደኛ እንደ ሌሎቹ አገሩን ሊከላከል አልመጣም፤ ሊከስስ ነው የመጣው፤ በዚህም ምክንያት እንደ እርሱ የተከበረ አሜሪካዊ በዚያ ዘመን ጥቂት ነው። በ1846 ዓመት መጨረሻ የእንግሊዝ ወዳጆቹ 150 ፓውንድ አዋጥተው ከጌታው ነጻነቱን ገዙለት። ከአንዳንዶቹ ጓደኞቹ፣ ሰው በገንዘብ መግዛትን ለምን ትቀበላለህ የሚል ወቀሳ ደረሰበት፤ እርሱ ግን ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ለመመለስ ሌላ መንገድ አልነበረውም። በ1847 ዓመት ሲመለስ በዚያችው በካምብርያ ለአንደኛ ማዕርግ ከፍሎ ሳለ ከሌሎች ጋር በገበታ እንዳይቀመጥ ተከለከለ፤ የሎንዶን ጋዜጦችም ይህን እጅግ ነቀፉ።

ኤውሮፓውያን ይህን ሁሉ ሲፈርዱ እነርሱ ንጹሓን ነበሩን? ዳግላስ አየርላንድ በደረሰበት ወራት የድንች በሽታ ገብቶ ሕዝቡ ወደ ታላቅ ረኃብ ይሄድ ነበር፤ በደብሊን መንገድ ያየውን የድኾች ብዛትም ጽፎታል። ከመቶ ዓመት በኋላም እንዲሁ ሆነ። ጆሴፊን ቤከር በ1925 ዓመት፣ ደራሲው ጄምስ ባልድዊን ደግሞ በ1948 ዓመት ፓሪስ ሲገቡ፣ በአገራቸው የማይገቡበት ሆቴልና ምግብ ቤት ተከፈተላቸው። ፓሪሳውያንም የአሜሪካን የቀለም ልዩነት ሕግ በታላቅ ቃል ይነቅፉ ነበር። ነገር ግን ባልድዊን ብዙ ሳይቈይ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ለርሱ ወንበር የሚስበው ያው አሳላፊ፣ ያው ፖሊስ፣ አልጀርያዊውን ሠራተኛ የሚያየው በሌላ ዐይን ነበር። ኦክቶበር 17 ቀን 1961 የፓሪስ ፖሊስ በሰላም የተሰለፉ አልጀርያውያንን ደብድቦ ብዙዎችን ገደለ፤ ወደ ሴን ወንዝም የተጣሉ ነበሩ። የእንግዳው አገር ኀጢአት ሩቅ ስለ ሆነ ለመናገር ይቀላል፤ በደጅ ያለው ግን ስም እንኳ ሳይወጣለት ብዙ ዘመን ይኖራል።

የአሜሪካ መንግሥት ራሱ መንገደኞቹ በሰው አገር የስሙ ተሸካሚዎች መሆናቸውን ያውቅ ነበር። በ1957 ዓመት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ከይለፍ ወረቀቱ ጋር ለየመንገደኛው የሚሰጥ ደብዳቤ አስጻፈ፤ አሳቡም አንተ በሄድህበት የአገርህ እንደራሴ ነህና ጠባይህን አሳምር ማለት ነው። በዚያው ጊዜ ግን ጠባያቸው ያማረ፣ አሳባቸው ያልተወደደ ሰዎች ወረቀቱን ተከልክለው ነበር። ከነዚህ አንዱ ታላቁ ዘፋኝ ፖል ሮብሰን ነው። ወረቀቱ በ1950 ዓመት ተወሰደበት፤ ስምንት ዓመትም ከአገሩ ወደ ኤውሮፓ መውጣት አልቻለም። በ1957 ዓመት በሜይ ወር በሎንዶን ከተማ በሴንት ፓንክራስ አዳራሽ አንድ ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቦ መድረክ ላይ ያለውን ባዶ ስፍራ እያየ ተቀመጠ፤ ሮብሰንም ከኒው ዮርክ በባሕር ሥር በተዘረጋው አዲስ የቴሌፎን ሽቦ ዘፈነላቸው። በኦክቶበር ወር ደግሞ በዌልስ አገር በፖርትኮል ከተማ ለከሰል ማዕድን ቈፋሪዎች በዚሁ ዓይነት ዘፈነ፤ እነርሱም በዜማ መለሱለት። በ1958 ዓመት በጁን ወር የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የመጓዝ መብት ዜጋው ያለ ሕግ አካሄድ የማይነፈገው የነጻነቱ ክፍል ነው ሲል ወሰነ፤ ሮብሰንም ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ሎንዶን በረረ። አሜሪካን እጅግ ይነቅፉ የነበሩ እንግሊዛውያን ከአሜሪካውያን ሁሉ አብልጠው የጠበቁት ይህን ሰው ነው።

የቬትናም ጦርነት በሆነ ጊዜ ጥያቄው በየባቡሩና በየተማሪዎች ማደሪያው ተነሣ። በማርች 1968 ዓመት በሎንዶን በግሮቭነር አደባባይ በአሜሪካ ኤምባሲ ፊት ታላቅ ግጭት ሆነ፤ በስቶክሆልም ደግሞ የስዊድን ሚኒስትር ኦሎፍ ፓልመ ከሰሜን ቬትናም አምባሳደር ጎን ችቦ ይዞ ስለ ሄደ አሜሪካ አምባሳደሯን ጠራች። አሜሪካውያን ወጣቶች ክርክሩ ሲሰለቻቸው የካናዳን ባንዲራ በጀርባ ከረጢታቸው ላይ ሰፍተው ይሄዱ ነበር የሚባለው ከዚህ ዘመን ጀምሮ ነው። ባለ ቅጠሉ የካናዳ ባንዲራ የተሰቀለው በ1965 ዓመት ስለ ሆነ ገና አዲስ ነበረ። ለአሜሪካዊ ይህ ቀላል ዘዴ ነው፤ ቋንቋውም መልኩም ይመሳሰላልና። በ2004 ዓመት መጨረሻም አንድ የኒው ሜክሲኮ ነጋዴ የካናዳ ባንዲራ ያለበትን ሸሚዝና መለጠፊያ አንድ ላይ አድርጎ ለመንገደኞች ይሸጥ ነበር። እኛ እንደ ቀልድ እናየዋለን፤ ስሙን የተዋሱት ካናዳውያን ግን በ2025 ዓመት ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ስለ ቀረጥ በተጣሉ ጊዜ እጅግ ተቈጥተውበታል።

ስለ አዲሱ ምዕት ዓመት በአጭሩ እንናገር። በ2001 ዓመት ሴፕቴምበር 11 ቀን በኒው ዮርክና በዋሽንግቶን ጥፋት በደረሰ በሁለተኛው ቀን፣ በሎንዶን በቤተ መንግሥቱ ደጅ ዘብ ሲለወጥ በንግሥቲቱ ትእዛዝ የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ተመታ፤ አይሮፕላን ስለ ቆመ ወደ አገራቸው መመለስ ያቃታቸው አሜሪካውያን ከአጥሩ ውጭ ቆመው አለቀሱ። አንድ ዓመት ከአምስት ወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2003፣ በዚያው ከተማና በሮም፣ በማድሪድና በበርሊን ስፍር ቍጥር የሌለው ሕዝብ የኢራቅን ጦርነት በመቃወም ወጣ። በማርች ወር የአሜሪካ ምክር ቤት ምግብ አዳራሽ የፈረንሳይ ጥብስ ይባል የነበረውን ድንች የነጻነት ጥብስ ብሎ ሰየመው። ጥብሱ ግን የቤልጂግ ነው ይባላል። ማርች 10 ቀን ከቴክሳስ የመጣች ናታሊ ሜንስ የምትባል ዘፋኝ በሎንዶን መድረክ ላይ ፕሬዚዳንቱ የአገሯ ልጅ በመሆኑ እንደምታፍር ተናገረች፤ አዳራሹም አጨበጨበላት። በአገሯ ግን ብዙ የራዲዮ ጣቢያዎች የጓዶቿንና የርሷን ዘፈን ማሰማት አቆሙ፤ ዘፈናቸው የተቀዳበትንም ዕቃ ሕዝብ ተሰብስቦ በትራክተር አስጨፈለቀ። ኤውሮፓ ያጨበጨበው ለአንድ ሌሊት ነው፤ ሂሳቡ የተከፈለው በአገር ቤት ነው። ስለዚህ አሜሪካዊውን በማዕድ ላይ አስቀምጦ ስለ መንግሥቱ የሚጠይቅ ኤውሮፓዊ፣ እንግዳው መልሱን ይዞ ወደ ጎረቤቶቹ የሚመለስ ሰው መሆኑን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ይሁን እንጂ ኤውሮፓውያን ሰውንና መንግሥትን አይለዩም ማለት ሐሰት ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት ሕዝብን እየጠየቀ ቍጥር ያወጣል። በጀርመን በፕሬዚዳንት ኦባማ ላይ እምነት ያላቸው ሰዎች በ2016 ዓመት ከመቶ 86 ነበሩ፤ በሚከተለው ዓመት በፕሬዚዳንት ትራምፕ ጊዜ ከመቶ 11 ሆኑ። በፈረንሳይ ከ84 ወደ 14፣ በእንግሊዝ አገር ከ79 ወደ 22 ወረዱ። ያን ጊዜ በ37 አገሮች ስለ አሜሪካ ሕዝብ ራሱ ሲጠየቅ ግን መካከለኛው ቍጥር ከመቶ 58 የሚሆነው በበጎ እንደሚያየው ነው። ለፕሬዚዳንቱ የተሰጠው መካከለኛ ቍጥር 22 ነበር። በነዚህ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ባለው ስፍራ ነው እንግዲህ መንገደኛው ሆቴል የሚያገኘው። የሚከብደው ነገር አሜሪካዊው ገዥውን በድምፁ የሚመርጥ መሆኑ ነው። በንጉሥ ለሚገዛ ሕዝብ ሥራው የንጉሡ ነው ተብሎ ይታለፍለታል፤ ለአሜሪካዊው ግን አንተ መርጠኸዋል ይባላል፤ ግማሹ ሕዝብ ያልመረጠው ቢሆንም።

በ2025 ዓመት ፕሬዚዳንት ትራምፕ የዴንማርክ ንጉሥ ግዛት የሆነችውን ግሪንላንድን ለአሜሪካ እንደሚፈልግ ደጋግሞ ሲናገር፣ በዴንማርክ ትልቁ የምግብ ነጋዴ የኤውሮፓ ኩባንያዎች በሆኑ ዕቃዎች ዋጋ ወረቀት ላይ ገዢው እንዲለያቸው ጥቁር ኮከብ ማድረግ ጀመረ። በማርች ወር የምክትል ፕሬዚዳንቱ ባለቤት በግሪንላንድ የውሾች እሽቅድድም ለማየት አስባ ነበር፤ ያገሩ ሰዎች ጉብኝቱን ስላልወደዱት ከተማው መግባቱ ቀርቶ ባለቤቷና እርሷ ወደ አሜሪካ የጦር ሰፈር ብቻ ሄደው ተመለሱ። ተራው አሜሪካዊ ግን በዚያው ወራት በኮፐንሃገን መንገድ ብስክሌት ተከራይቶ ይዞር ነበር፤ ጥያቄ እንጂ ክፋት አልደረሰበትም።

በዋሽንግቶንና በዙሪያው የሚኖሩ፣ የአሜሪካን ዜግነት የተቀበሉ ወገኖቻችን ወደ ሮም ወይም ወደ ፍራንክፈርት ሲያልፉም ይህ ጥያቄ ይደርሳቸዋል። የእነርሱ ግን ሁለት ጊዜ ነው። አስቀድሞ ከየት ነህ ይባላሉ፤ ከአሜሪካ ቢሉ፣ ቀጥሎ ከየት ነው የመጣኸው ይባላሉ። አንዳንዱ እንደ ወራቱ ሁኔታ ኢትዮጵያዊነቱን ወይም አሜሪካዊነቱን ያስቀድማል። የካናዳ ባንዲራ መስፋት ግን አላስፈለገውም።

በፓሪስ ወደ ምሥራቅ በኩል፣ ከኦፔራ አደባባይ ግርግር ርቆ፣ ፒክፑስ የሚባል ትንሽ የመቃብር ስፍራ አለ። በ1794 ዓመት በአብዮቱ ጊዜ አንገታቸው የተቈረጠ 1,306 ሰዎች በዚያ በሁለት ጕድጓድ ተቀብረዋል፤ ለአሜሪካ ነጻነት የተዋጋው ማርኪ ደ ላፋየትም በ1834 ዓመት በአጥሩ ማዕዘን ከሚስቱ አጠገብ ተቀበረ። በመቃብሩ ላይ ያለው አፈር ከአሜሪካ፣ በቦስቶን ካለው ከበንከር ሂል የመጣ ነው። በላዩም የአሜሪካ ባንዲራ ይውለበለባል። በየዓመቱ ጁላይ 4 ቀን ከሁለቱም አገር የመጡ ሰዎች በመቃብሩ ዙሪያ ይቆማሉ፤ አሮጌው ባንዲራ ይወርድና አዲሱ ይሰቀላል።